ከማካኤል የእብነ በረድ ካባ እስከ ዓለም ገበያ፤ የአንድ ቤተሰብ የድንጋይ ሥራ እድገትና ያስከተለው የጤና ጥያቄ

በደቡባዊ ስፔን በአልሜሪያ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የማካኤል ከተማ በነጭ እብነ በረዷ ትታወቃለች። በአካባቢው ድንጋይ ማውጣት ከጥንት ሮማውያን ዘመን ጀምሮ የኖረ ሙያ ነው። በግራናዳ ከተማ የሚገኘው የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት የአንበሶች አደባባይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲገነባ ለዓምዶቹ የዋለው እብነ በረድ የተገኘውም ከዚሁ ሥፍራ ነው። ዛሬ ለወጥ ቤት ጠረጴዛዎች የሚሆን ድንጋይ በማምረት በዓለም ደረጃ የሚጠቀሰው ኮሴንቲኖ የተባለው ኩባንያ መነሻም ይህችው ከተማ ናት።

የኩባንያው ታሪክ የሚጀምረው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤዱዋርዶ ኮሴንቲኖና ባለቤታቸው ኤዱዋርዳ ሁስቶ በከተማዋ ባቋቋሙት አነስተኛ የእብነ በረድ ሥራ ነው። ሥራውን የወረሱት ልጆቻቸው ፍራንሲስኮ፣ ኤዱዋርዶና ሆሴ እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ኩባንያነት አሳደጉት።

ወንድማማቾቹ ካጋጠሟቸው ችግሮች ዋነኛው የድንጋይ ካባ ሥራ ጠባይ ነበር። ከካባ ከሚወጣው ድንጋይ ከፍተኛ መጠን ያለው ተሰባብሮ ስለሚቀር ለጥርብ ድንጋይነት አይውልም። ስብርባሪውን በማጣበቂያ አዋህዶ ለመጠቀም በ1980ዎቹ ማርሞልስቶን በሚል ስም ያቀረቡት ምርት ግን በገበያ የታሰበውን ያህል ተቀባይነት አላገኘም።

እብነ በረድ ለወጥ ቤት አገልግሎት የራሱ ደካማ ጎን አለው። በሎሚና በኮምጣጤ አሲድ ገጽታው ይበላል፤ በቀላሉም ይጫጫራል። ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በአንጻሩ እጅግ ጠንካራ ሲሆን በእነዚህ አሲዶችም አይጎዳም። በመሆኑም ኩባንያው ፊቱን ወደ ኳርትዝ በማዞር እ.ኤ.አ. በ1990 ሳይልስቶን የተሰኘውን ምርት ለገበያ አቀረበ።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሠራሽ ድንጋይ መሠረት የሆነውን የአመራረት ዘዴ ያስገኘው ማርቼሎ ቶንቼሊ እ.ኤ.አ. በ1963 በጣሊያን የመሠረቱት ብሬቶን የተባለ ኩባንያ ነው። በዘዴው መሠረት የተፈጨ ኳርትዝ ሬዚን ከተባለ ማጣበቂያና ከማቅለሚያ ጋር ይደባለቃል። ድብልቁ አየር እንዲወጣለት ተደርጎ በንዝረትና በከፍተኛ ግፊት ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም በሙቀት እንዲጠነክር ይደረጋል። ከድብልቁ ክብደት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኳርትዝ ሊሆን ይችላል።

ከፋብሪካ የሚወጣው ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደየቤቱ የሚገባው በቀጥታ አይደለም። በየከተማው የሚገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜም በቤተሰብ የሚተዳደሩ አነስተኛ የድንጋይ መቁረጫ ድርጅቶች እንደ ወጥ ቤቱ ልክ ይቆርጡታል፤ ለእቃ ማጠቢያው ቦታ ይከፍቱለታል፤ ጠርዙንም ያለሰልሱታል። ምርቱ ያስከተለው የጤና ጥያቄ ጎልቶ የታየውም በእነዚሁ ድርጅቶች ነው።

ኳርትዝ ሲሊካ የተባለ ማዕድን ነው። ድንጋዩ በደረቁ ሲቆረጥ በዓይን የማይታይ የሲሊካ አቧራ ይፈጠራል፤ አቧራው ወደ ሳንባ ሲገባም ሲሊኮሲስ የተባለውንና ፈውስ ያልተገኘለትን በሽታ ያስከትላል። የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 የሲሊካን አቧራ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። በተፈጥሮ ግራናይት ውስጥ ያለው የሲሊካ መጠን በአማካይ 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን በእብነ በረድ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በመሆኑም የምርቱ የጥንካሬ ምንጭ የሆነው ማዕድን ለሠራተኛው ጤና ዋነኛ ስጋት ሆኗል።

በእስራኤል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሲቆርጡ በቆዩ 25 ሕሙማን ላይ የታየውን ሲሊኮሲስ ዘርዝሯል። በስፔንም በዚሁ ሙያ በተሰማሩ ወጣት ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ ሕመም የታየ ሲሆን ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

የአደጋ መከላከያ መንገዶቹ ይታወቃሉ። ድንጋዩን ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ፣ አቧራውን ከምንጩ በመሳቢያ ማስወገድ፣ ተስማሚ የመተንፈሻ መከላከያ መልበስና የሠራተኞችን ሳንባ በየጊዜው ማስመርመር ይገኙባቸዋል። አስቸጋሪ የሆነው በርካታ አነስተኛ ድርጅቶች እነዚህን እርምጃዎች በትክክል መፈጸማቸውን መቆጣጠር ነው። አውስትራሊያ ይህንኑ ችግር በማየት ሰው ሠራሽ የኳርትዝ ድንጋይን ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመከልከል የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች።

ኮሴንቲኖ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2013 በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሚመረተውን ዴክተን፣ በ2020 ደግሞ የሲሊካ መጠኑን ለመቀነስ ያስቻለ አዲስ የአመራረት ዘዴ ይፋ አድርጓል። ይሁንና የሲሊካው መጠን ቢቀንስም አቧራው ጨርሶ ስለማይጠፋ የመከላከሉ ሥራ አስፈላጊነቱ አይቀርም።

የማካኤሉ ቤተሰብ ሥራ ከካባ ስብርባሪ ተነስቶ ወደ ዓለም ገበያ ለመድረስ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። የአምራቹ እድገትና የድንጋይ ቆራጩ ጤና እኩል እንዲጠበቁ ማድረግ ደግሞ ከአምራቹና ከአሠሪው በተጨማሪ የየአገሩን የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ አካላት ኃላፊነት የሚጠይቅ ነው።