ዐጥንት ዕድሜን ይመሰክራልን?

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ያሉ እናቶች የሕፃናቸውን እርግብግቢት ቅቤ ሲቀቡ ከጣታቸው በታች ትር ትር የሚለውን ያውቁታል። ይህ ስፍራ የራስ ቅል ዐጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ነው። ሕፃኑ በምጥ ጊዜ እንዲያልፍ፥ አንጎሉም እንዲያድግ፥ ፈጣሪ የራስ ቅሉን ስፌት ክፍት አድርጎ አበጅቶታልና። የኋላው እርግብግቢት በ2 ወይም በ3 ወር፥ የፊተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ጣት አይዳስሰውም፤ መሣሪያ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ ራጅን አገኘ፤ በ1971 ደግሞ የሰው ራስ በሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚህ መሣሪያ የተመራመሩ ሐኪሞች በራስ ቅል መሠረት ያለ አንድ መጋጠሚያ በጕርምስና ጊዜ እንደሚዘጋ፥ በልጃገረዶችም ከወንዶች ቀድሞ እንደሚዘጋ ተረድተዋል። የላይኛው ስፌት ግን የሚገጥመው ሰው ከጐለመሰ በኋላ ነው፤ ጊዜውም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል።

ይህ ነገር ለቤተ ሰብ ምን ይጠቅማል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ በ1995 ዓ.ም. የወጣውም የአማራ ክልል ሕግ፥ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። ልጅቱ የልደት ወረቀት የሌላት እንደ ሆነ ግን አባት «18 ሞልቷታል» ሲል መምህሯ «ገና 15 ናት» ይላል፤ ነገሩም ወደ ሐኪም ሊመራ ይችላል። ሐኪሙ የግራ እጇን አንጓ ራጅ አንሥቶ፥ ጥርሷንም አይቶ ይገምታል። በሰፊው የሚሠራበት የእጅ ዐጥንት መመዘኛ መጽሐፍ በ1959 የታተመው የግሩሊክና የፓይል ሥራ ሲሆን የተዘጋጀው ከአሜሪካ ልጆች ራጅ ነው። ምግብ ያነሳት ወይም በሽታ የጎዳት ልጅ ዐጥንቷ ዘግይቶ ይበስላል፤ ቀድማ የጐረመሰችው ደግሞ ከዕድሜዋ በላይ ትመስላለች። ስለዚህ ግምቱ ወዲህም ወዲያም 2 ዓመት ያህል ሊስት ይችላል። የ16 ዓመት ልጅ የ18 ናት ተብላ ከትምህርቷ ወደ ጫጕላ፥ ሰውነቷም ሳይጠና ወደ ምጥ ልትሄድ ትችላለች ማለት ነው። የራስ ቅሉም መጋጠሚያ ቢሆን የልደትን ቀን አይናገርም፤ ደግሞም ዕድሜ ለማወቅ ብቻ የልጅን ራስ ለሲቲ ስካን ጨረር ማጋለጥ አይገባም።

እንግዲህ ከዐጥንት የሚሻል ምስክር በእጃችን አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፥ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ ቀኑ የሚቈጠረውም ከልደት ጀምሮ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ስለዚህ ሴት ልጅን ያስጠመቀ ወላጅ ከዘጠናው ቀን በፊት ወደ ቀበሌ የሚሄድበት 10 ቀን ይቀረዋል። የጋይንቷ ቤተልሔም የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚያስመሰክሩ መምህራን መቀመጫ ናት። የዓመቱን በዓላት አንድ ቀን ሳያዛንፍ በዜማ የሚቈጥር አገር የገዛ ልጁን የልደት ቀን ሊዘነጋ አይገባውም።

አባቶች ካህናት በጥምቀት ዕለት የልደቱን ቀን፥ ወርና ዓመተ ምሕረት ከክርስትና ስሙ ጋር ይጻፉ። የክርስትና እናትና አባት ወረቀቱ መጠበቁን ይጠይቁ። ሳይመዘገቡ ያደጉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም ሽማግሌ ለጋብቻ ደጃችሁን ሳይመታ፥ የምታውቁትን ቀን ዛሬውኑ አስጽፉ።