«አደራሽን፣ ለባለቤቴ እንዳትነግሪብኝ»

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን ሳያይ አያልፍም። ለመንገደኛው በአረቄዋ ስሟ የሚነሣ የጎጃም ከተማ ናት። በውስጧ ለሚኖሩት እናቶች ግን ሌላ ጠባይ አላት፤ ሰው ሁሉ ይተዋወቅባታል። ማን እንዳረገዘች፣ ማን ጤና ጣቢያ በር ላይ እንደ ታየች ወሬው ከባለቤቷ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ለመሆኑ እንዲህ ባለ ስፍራ የሰው ምስጢር መጠበቅን ሥራዬ ብላ የያዘች ወጣት አዋላጅ ነርስ እንዴት ትሆናለች?

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርስቲ ሙያውን የምትማር አንዲት የደምበጫ ልጅ ለተግባር ልምምድ ወደዚያው ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመደበች እንበል። የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለውን ትምህርት ተምራለች። ታካሚን ሳታስፈቅጂ አትንኪ፣ ምስጢር አታውጪ የሚለውን ፈተና ላይ ጽፋ ጥሩ ነጥብ አግኝታበታለች። ታዲያ አንድ ቀን ለእርግዝና ክትትል የመጣች ሴት ደሟ ተመርምሮ ኤች አይ ቪ ይገኝባታል። ሴትየዋ የተማሪዋን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «እኅቴ፣ በማርያም፣ አደራሽን ለባለቤቴ እንዳትነግሪብኝ» ትላታለች። ባልየው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያውም የአባቷ ወዳጅ ነው።

እዚህ ላይ የፈተናው መልስ አይበቃም። ምስጢሩ የሴትየዋ ነው፤ ተማሪዋ ልታወጣው አይገባም። ይሁንና የባልየውም ጤና አለ። ስለዚህ ሥራው ዝም ማለት ብቻ አይደለም። ሴትየዋ የምትፈራው ምን እንደ ሆነ፣ ዱላ ይሁን ወይስ ከቤት መባረር፣ በእርጋታ መጠየቅ፣ ራሷ እንድትነግረው ማበረታታት፣ ሁለቱም አብረው እንዲመረመሩ መንገዱን ማመቻቸት ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ፈጥና ጀምራ ሳታቋርጥ ብትወስድ በሽታው ወደ ጽንሱም ሆነ ወደ ባሏ የመተላለፉ ነገር እጅግ እንደሚቀንስ ማስረዳትም አለባት። ይህ ሁሉ የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም።

ተማሪዋ በዚያች ሰዓት የምትመለከተው ደብተሯን ሳይሆን አጠገቧ የቆሙትን ነባሯን ሲስተር ነው። ሲስተር በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካነጋገሩ ልጅቱ ያንን ትይዛለች። የታካሚዋን ካርድ ከፍ አድርገው ውጤቱን በሰው ፊት ከተናገሩ፣ ምጥ የያዛትን እናት «ዝም በይ! ስትወልጂ የመጀመሪያሽ ነው እንዴ?» ብለው ከተቆጡ ደግሞ ያንንም ትይዛለች። በእኔ በኩል፣ ሙያተኛነት ከነጩ ጋዋን ጋር አብሮ የሚለበስ አይመስለኝም።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይህን የተረዳ ይመስላል። የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ሕዝቡ ካለበት ጤና ጣቢያ እየላከ ያለማምዳቸው ነበር። በቅርብ ዘመንም በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የ5 ዓመት ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ቃሉ በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ግድግዳው ግን አያዋልድም።

ውድ እናቶች፣ የተማሪዋ ከባዱ ፈተና ከሥራ ሰዓት በኋላም ይቀጥላል። ማታ ቤቷ ስትገባ ረከቦቱ ቀርቧል፤ ጎረቤቶችም ተሰብስበዋል። እናቷ ስኒውን እያቀበሉ፣

«የእነ እገሌ ምራት ዛሬ እናንተ ዘንድ መጥታ ነበር አሉ። ደኅና ናት?» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ለሰው ማሰባቸው ነው።

የጎረቤቶቹ ዓይን ሁሉ ወደ ልጅቱ ይዞራል።

«እማዬ፣ ስንት ሰው ይመጣል መሰለሽ» ትላለች ስኒውን ተቀብላ። «ቶናው ከሆነ አንድ ድገሚኝ፤ በጣም ደክሞኛል።»