የድሮ ቮልስ የፊት እግር ሥራ፦ በራስ እጅ ወይስ በጋራዥ?

በእኛ ዲፓርትመንት ውስጥ እልባት ያላገኘ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶቻችን «ሙያውን እየተማርን ለምን ለጋራዥ እንከፍላለን?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «የመሪ ነገር የነፍስ ነገር ነው፤ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይሻላል» እንላለን። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የትኛው ሥራ ለማን መሰጠት እንዳለበት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

አባቴ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመረተች ቮልስዋገን አለችው። እኔም እህቶቼም ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት የቦሎ ምርመራ ሲቃረብ፣ ቮልሷ ፍጥነት ስትጨምር መሪዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ጎማውን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ «ታይሮድ ኢንዱ አልቋል» አለን። አራቱም ተቀየሩ፣ ዊል አላይመንትም ተሠራላት፣ ተከፈለ። ወጥተን ስንነዳት ግን መንቀጥቀጡ እንደነበረ ነው! «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ራሴ ከሥሯ የገባሁት።

የፊት እግሯ አሠራር

የቮልስ የፊት እግር እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ጥቅል ስፕሪንግ የለውም። ከፊት አግድም የተቀመጡ ሁለት ቱቦዎች አሉ። በውስጣቸው የተደራረቡ ረጃጅም የብረት ዘንጎች እየተጠመዘዙ የስፕሪንግን ሥራ ይሠራሉ። ከቱቦዎቹ ጫፍ የሚወጡት ክንዶች ጎማውን ይሸከማሉ። ልዩነቱ ክንዱና ጎማው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1965 አጋማሽ የተሠሩት ኪንግ ፒንና ሊንክ ፒን አላቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ቦል ጆይንት ናቸው። ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመውረዳችን በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራ

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። የፊቱን እግር በክሪክ አንስቶ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ማሳረፍ ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው፤ ይህንን አስተማሪዎቻችን የሚደጋግሙት ወደው አይደለም። ከዚያ፦

ሀ) ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ። እዚህ ልቅነት ካለ ታይሮድ ኢንድ ወይም የመሪ ሳጥን ይጠረጠራል።

ለ) ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። እዚህ ልቅነት ካለ ጥፋቱ ከኩሽኔታው ወይም ከፒኖቹ ነው።

ሐ) ሁለቱን ለመለየት ጓደኛ ፍሬን ይርገጥና እንደገና መነቅነቅ። ፍሬኑ ከበሮውን ስለሚይዘው ልቅነቱ ከጠፋ ጥፋቱ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ፒኖቹ ናቸው።

በእኛ ቮልስ ላይ ታናሽ እህቴ ፍሬን ረገጠችልኝ፣ ልቅነቱ ግን አልጠፋም። ታይሮድ ኢንዱ ያለ ጥፋቱ ነው የተቀየረው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር።

በራሳችን የምንሠራው

ግራሶ መሙላት የመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ቱቦዎች አራት የግራሶ መግቢያ አላቸው፤ በጎማው በኩል ያሉትም ፒኖች የራሳቸው አላቸው። እግሩ ከመሬት ተነሥቶ እያለ አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ መግፋት ነው። ሊንክ ፒንንም ማስተካከል ይቻላል። መቆንጠጫ ቡሎኑን አላልቶ፣ ፒኑን እስኪጠብቅ ማዞር፣ ከዚያም 1/8 ዙር ያህል መልሶ ማላላት፣ በመጨረሻም ቡሎኑን ማጥበቅ ነው። ሾክ አብሶርበርና ታይሮድ ኢንድ መቀየርም ከአቅማችን በላይ አይደለም። ኩሽኔታ ማጥበቅም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ግን የራሴን ስህተት ልናገር። የግራውን ኩሽኔታ ልፈትሽ ብዬ ዳዶውን እንደለመድኩት ወደ ግራ ማዞር ጀመርኩ። እምቢ ሲለኝ ቁልፉን በቱቦ አስረዝሜ ልታገለው ነበር። የቮልስ የግራ እግር ዳዶ ጥርሱ በተቃራኒው የተቆረጠ መሆኑን ያስታወስኩት በመጨረሻው ደቂቃ ነው! የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድም በዚያው በግራ እግር ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የጫፍ መያዣው ሳይወጣ ክዳኑን መጎተት አይገባም። ጉልበት ከመጨመራችን በፊት ማንዋል እንግለጥ።

ገንዘብ የሚከፈልበት

ሊንክ ፒኑን ካስተካከልኩ በኋላ መንቀጥቀጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረው የኪንግ ፒኑ ቦኮላ ነበር። አዲስ ቦኮላ በፕሬስ ይገባል፣ ከዚያ በፒኑ ልክ በሪመር ይቀረጻል። በመዶሻ የገባ ቦኮላ ይጣመማል፤ በግምት የተቀረጸም ወይ ይነክሳል ወይ ቶሎ ይላላል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ያለው ቦል ጆይንትም ከክንዱ የሚወጣውና የሚገባው በፕሬስ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ፕሬስም ሪመርም የለኝም። ስለዚህ ክፍሉን ፈትቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት፤ ተሠርቶ ሲመለስ ራሴ ገጠምኩት።

ዊል አላይመንትም በመሣሪያ የሚለካ ስለሆነ የጋራዥ ሥራ ነው። ግን የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት። ፒን እየተወዛወዘ የሚሠራ አላይመንት ወንዝ ላይ መስመር እንደ ማስመር ነው፤ እኛም በመጀመሪያው ጊዜ የከፈልነው ለዚህ ነበር።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ጥያቄው «ራሴ ልሥራው ወይስ ልክፈል?» ብቻ አይደለም። «ሠርቼ ስጨርስ ትክክል መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?» ብለን እንጠይቅ። በእጃችንና በዓይናችን ማረጋገጥ የምንችለውን እንሥራ፤ ፕሬስ፣ ሪመርና የመለኪያ መሣሪያ ለሚፈልገው ደግሞ ሳንሰስት እንክፈል። ምርመራውን ግን ለማንም አንስጥ። ጥፋቱን አውቆ ጋራዥ የሚገባ ሰው የሚከፍለው ለሥራ ነው፤ ሳያውቅ የሚገባ ግን ለግምትም ጭምር ይከፍላል።

ቮልሷ ምርመራውን አልፋለች። አባቴ ቀለበት መንገድ ላይ ነድቷት ሲመለስ ስለ መሪው ምንም አላለም፤ ቁልፉን ሰጠኝና «እህቶችህን አድርሳቸው» አለኝ።