ፍላጎት ብቻውን ክብደት ይቀንሳልን?

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ያለውን የሥራ ክፍፍል እናስተውል። አንዷ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ሌላዋ ቆማ ትተኩሳለች፤ ሦስተኛዋ የተቆረጠ ጨርቅ ተሸክማ ትመላለሳለች። «ዛሬ ስፖርት ሠርታችኋል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ሦስቱም «ለስፖርት ጊዜ የት አለንና!» ቢሉን አያስደንቅም። ሦስተኛዋ ግን ሳታስበው ሰውነቷን ስታንቀሳቅስ ውላለች።

ይህን ማወቋ ለውጥ ያመጣ ይሆን? አሊያ ክረምና ኤለን ላንገር የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ በሰባት ሆቴሎች ክፍል የሚያጸዱ 84 ሴቶችን በሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን አልጋ ማንጠፍና ክፍል ማጽዳት ራሱ ጥሩ የአካል እንቅስቃሴ መሆኑን አስረዱ፤ ለሌላው ይህን አልነገሩም። ከአራት ሳምንታት በኋላ የተነገራቸው ሴቶች በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ቀንሰው፣ የደም ግፊታቸውም ወርዶ ተገኘ።

ይሁንና አስተሳሰብ በራሱ ስብ አያቃጥልም። ክብደት የሚቀንሰው ሰውነት የሚያወጣው ኃይል ከምግብ ከሚያገኘው ሲበልጥ ነው። ሴቶቹ ሳይታወቃቸው ሥራቸውን በበለጠ ትጋት ሠርተው ወይም አመጋገባቸውን ለውጠው ሊሆን ይችላል። አስተሳሰብ ኃይል የሚኖረው ወደ ተግባር ሲመራ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ከሐሳብ ወደ ተግባር የሚያሻግረው ድልድይ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የታተመና 248 ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት መልስ ይጠቁመናል። ምንም ማበረታቻ ካልተሰጣቸው ተማሪዎች 38 በመቶው በሳምንቱ ውስጥ ስፖርት ሠሩ። ስለ ስፖርት ጥቅም ተምረው ከተበረታቱት ደግሞ የሠሩት 35 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከዚሁ ትምህርት ሌላ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ እሠራለሁ» ብለው በጽሑፍ ከወሰኑት ግን 91 በመቶው ሠርተዋል።

ይህ ምሥጢር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማክሰኞ ቁርጥ ሲቀርብለት እምቢ ማለት የሚያቅተው ጾመኛ፣ ረቡዕ ግን ሳይቸገር ያልፈዋል። የጾም ዓላማ መንፈሳዊ እንጂ ክብደት መቀነስ አይደለም፤ የጾም ምግብም ከበዛ ያወፍራል። ነገር ግን ቀኑ የታወቀ፣ ደንቡ የተወሰነ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱም አብሮ የሚጾም በመሆኑ፣ ጾመኛው በየማዕዱ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ውሳኔው አስቀድሞ ተወስኗል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይገባል። ክብደት መቀነስ የሁሉም ሰው ግብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 8 በመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት ሲኖራቸው፣ 22 በመቶው ከሚገባው በታች ከስተው ነበር። ቁመቷ 1.60 ሜትር ለሆነ ሴት ጤናማው ክብደት ከ47 እስከ 64 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ክብደቷ ከዚህ በታች ለሆነ ሠራተኛ የሚያስፈልጋት በቂ ምግብ ነው።

መቀነስ የሚያስፈልጋት ሰፊ ግን «እቀንሳለሁ» ከማለት ይልቅ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ስወጣ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ብትጽፍ ይበጃታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነውና፣ ይህ መልካም ጅምር ይሆናል። ሆኖም እንዲህ ያለው ዕቅድ ጊዜን ይጠይቃል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ምሽቷን ከወሰደባት የፈቃደ ልቡና ድክመት ነው ልንላት አይገባም። ስለዚህ የሠራተኛዋን ጽናት ከመመዘናችን በፊት ዕረፍት ማግኘቷን እንጠይቅ።