የኪንግ ካውንቲ የአእምሮ ጤና ገንዘብ፦ ከየት መጥቶ የት ይገባል?

ሲያትል ውስጥ የመቶ ዶላር ጫማ የገዛ ሰው ከሚከፍለው የሽያጭ ግብር 10 ሳንቲሙ ለአእምሮ ሕመምና ለሱስ ሕክምና ይውላል። ደረሰኙ ላይ ተለይቶ ስለማይጻፍ ይህን የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው። ጤፍና በርበሬ ሸምቶ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ጉዳዩ አይነካውም፤ በዋሽንግተን ግዛት ተገዝቶ ቤት የሚበሰል ምግብ ከሽያጭ ግብር ነጻ ነውና። ምግብ ቤት ተቀምጦ ክትፎ ያዘዘ ሰው ግን ይከፍላል። እነዚያ ሳንቲሞች ተጠራቅመው የሚገቡት ኪንግ ካውንቲ ካዝና ውስጥ ነው።

ካውንቲ በግዛትና በከተማ መካከል ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። ኪንግ ካውንቲ ሲያትልን፣ ሬንተንን፣ ኬንትንና ቱክዊላን ጨምሮ 39 ከተሞችን ያቅፋል፤ ሕዝቡም ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሰፈሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች አንዱ ነው። ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው ዊልያም ሩፈስ ኪንግ ለተባለ ባሪያ አሳዳሪ ፖለቲከኛ ነበር፤ በ1986 (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካውንቲው ምክር ቤት “ከእንግዲህ ኪንግ ስንል ማርቲን ሉተር ኪንግ ማለታችን ነው” የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ አሳልፎ ፊደል ሳይቀይር ትርጉሙን ቀየረው። ካውንቲው አውቶቡስ ያሰማራል፣ ምርጫ ያስፈጽማል፣ እስር ቤት ያስተዳድራል። ሌላ ከፋይ ያጣ የአእምሮ ሕመምተኛም በመጨረሻ የሚወድቀው በእሱ እጅ ነው።

ይህ ሸክም በካውንቲዎች ጫንቃ ላይ የወደቀው ቀስ በቀስ ነው። ድሮ የአእምሮ ሕመም የግዛት መንግሥት ጉዳይ ነበር። ዋሽንግተን ግዛት በ1871 ከሲያትል በስተደቡብ፣ ስቲላኩም አጠገብ፣ ዛሬ ዌስተርን ስቴት የሚባለውን ሆስፒታል ከፈተ፤ ሕመምተኞችም እዚያ እየተላኩ ዓመታት ይቆዩ ነበር። በ1955 በመላው አሜሪካ በእንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተኝተው ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጥቅምት 1963፣ ከመገደላቸው ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሕክምናው ሰው በሚኖርበት ሰፈር እንዲሰጥ ያለመ ሕግ ፈረሙ። በየአካባቢው 1,500 ያህል ማዕከላት ሊሠሩ ታስቦ ነበር፤ የተሠሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ግን ሕመምተኞችን ማስወጣታቸውን አላቆሙም። በ1981 ደግሞ የሬገን አስተዳደር የማዕከላቱን የፌዴራል ገንዘብ ቀንሶ ለግዛቶች በጥቅል የሚሰጥ ድጎማ አደረገው። ሕመምተኛው ወጣ፣ ገንዘቡ ግን አብሮት አልወጣም።

ከዚያ ዘመን ሕጎች ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ የሕንፃ ልክ የሚወስን አንድ ቁጥር አለ፤ 16። በ1965 ሜዲኬይድ ሲቋቋም፣ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ለተኙ አዋቂዎች ፌዴራል መንግሥቱ እንዳይከፍል ተደረገ፤ በ1988 ደግሞ ክልከላው ከ16 በላይ አልጋ ባላቸው ተቋማት ብቻ ተወሰነ። የክልከላው ዓላማ ዋሽንግተን ዲሲ የግዛቶቹን ትልልቅ ሆስፒታሎች ወጪ እንዳትሸከም ነበር። በኋላ ግዛቶች ልዩ ፈቃድ እያገኙ ሕጉ ቢላላም ልማዱ ጸና፤ ኪንግ ካውንቲ ውስጥ በቀውስ ላይ ላለ ሰው የተሠራ ቤት የቀውስ አልጋው ሲቆጠር 16 የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዋናው ሜዲኬይድ ነው፤ በዋሽንግተን “አፕል ሄልዝ” ይሉታል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ሐኪም ሲያየው፣ መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ የምክር አገልግሎት ሲያገኝ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ከወጪውም ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍነው ፌዴራል መንግሥቱ ነው። ገንዘቡ ግን በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ አይሄድም። ግዛቱ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሰጣል፣ ኩባንያዎቹ ከካውንቲው ጋር ይዋዋላሉ፣ ካውንቲው ደግሞ ሥራውን ለሚሠሩት ድርጅቶች ያከፋፍላል። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት የነደፈ ሰው አንድ ቀን እንኳ የክሊኒክ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ሐሳቡን ይቀይር ነበር እላለሁ፤ የሕመምተኛውን ጉዳይ የሚከታተለው ባለሙያ (ኬዝ ማናጀሩ) ከሕመምተኛው ጋር ካሳለፈው ጊዜ የማይተናነስ ጊዜ ያሳለፈውን ለመመዝገብ ያጠፋል።

ሜዲኬይድ ሰፊ ኪስ ነው፣ ግን የታሰረ ኪስ ነው። ለተመዘገበ ሰው፣ ሐኪም ስም ለሰጠው ሕመም፣ በዝርዝሩ ውስጥ ላለ አገልግሎት ብቻ ይፈታል። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ማደሪያ ከሌለው ኪራይ አይከፍልለትም። እስር ቤት ከገባም በአብዛኛው ክፍያው ይቋረጣል። ግዛቱ ከራሱ በጀት የሚሰጠው ገንዘብ ከዚህ የቀረውን በከፊል ይሸፍናል፤ ለምሳሌ የቀውስ አገልግሎትን፣ ኢንሹራንስ ለሌለውም ሰው ጭምር፣ እንዲሁም ያለፈቃድ የሚያዙ ሰዎችን የፍርድ ቤት ወጪ። ይህም የግዛቱ ምክር ቤት በጀት ባወጣ ቁጥር የሚወስነው ነው።

ለዚህ ነው ካውንቲው የራሱን ኪስ መፈለግ ግድ የሆነበት። ችግሩ የዋሽንግተን ሕግ ነው። አንድ ካውንቲ ከመደበኛው የንብረት ግብር የሚሰበስበው ጠቅላላ ገቢ፣ አዲስ ግንባታ ከሚያመጣው በቀር፣ መራጩ ካልፈቀደ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ሊያድግ አይችልም። የዋጋ ንረቱ 3 ሆነ 8 በመቶ፣ የነርስ ደመወዝ ጨመረ አልጨመረ፣ ጣሪያው 1 በመቶ ነው። ስለዚህ የካውንቲው መደበኛ በጀት እያደገ የሚመስል ግን በየዓመቱ የሚቀጥን በጀት ነው፤ እስር ቤትና ፍርድ ቤት ከወሰዱት በኋላ ለሌላው የሚተርፈው ትንሽ ነው። አዲስ ነገር መሥራት የፈለገ አስተዳዳሪ ያለው ዋና አማራጭ ወደ መራጩ ሄዶ ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚውል፣ ጊዜው የተወሰነ ግብር መለመን ነው። ሌቪ የሚባለው ይህ ነው። የሲያትል ሰው የምርጫ ወረቀት በፖስታ በመጣለት ቁጥር “ደግሞ ሌላ ሌቪ!” ብሎ የሚያማርረውም በዚህ ሕግ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ የተገኘው ኪስ በጫማው ላይ ያየነው ነው። ግዛቱ በ2005 ካውንቲዎች ለአእምሮ ሕመምና ለሱስ ከሽያጭ ላይ 0.1 በመቶ እንዲሰበስቡ ፈቀደ፤ ኪንግ ካውንቲም በ2007 ደነገገው። መጠኑ ከሜዲኬይድ ጋር አይወዳደርም። ዋጋው ያለው ግን ባለመታሰሩ ነው። በ2012 ሲያትል ውስጥ የተከፈተው የቀውስ ማዕከል የቆመው በዚህ ገንዘብ ነው፤ ፖሊስ መንገድ ላይ የተናወጠ ሰው ሲያገኝ ከእስር ቤትና ከድንገተኛ ክፍል ሌላ የሚወስድበት ቤት አገኘ። አልጋው 46 ነበር፤ ከዚያ የቀውሱ ክፍል 16 ብቻ። ከ2 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ማለት ነው። ፖሊስ ወይም ሌላ ባለሙያ ካላመጣው በቀር በራሱ እግር የመጣን ሰው አይቀበልም ነበር።

በዚህ መሃል የነበረውም ይሟሽሽ ነበር። በካውንቲው ውስጥ ሕመምተኞች ለወራት ተቀምጠው የሚያገግሙባቸው የመኖሪያ አልጋዎች በ2018 ከነበሩበት 355፣ በ2022 ወደ 244 ወረዱ። ያረጀ ሕንፃ ማደሻ አጣ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከቤት ኪራዩ ጋር አልሄድ አለ፣ የቤቱ ባለቤት ሸጦ መውጣት አዋጣው። በዚያው በ2018 ዌስተርን ስቴት ሆስፒታል በጥራት ጉድለት የፌዴራል እውቅናውን ሲያጣ ግዛቱ በዓመት 53 ሚሊዮን ዶላር ቀረበት፤ ሕመምተኞችን ወደየአካባቢያቸው የመመለሱም ዕቅድ ተፋጠነ። የሚመለሱበት አልጋ ግን እየተዘጋ ነበር።

በሚያዝያ 2023 የካውንቲው መራጮች የቀውስ ማዕከላት ሌቪን አጸደቁ። ለ9 ዓመት፣ ከ2024 እስከ 2032፣ እስከ 1.25 ቢሊዮን ዶላር የሚሰበስብ የንብረት ግብር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የንብረት ግምት ላይ 14.5 ሳንቲም ነበር፤ 800,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው 116 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። ተከራዩም በኪራዩ ውስጥ ድርሻውን ይከፍላል።

በዚህ ገንዘብ 5 ማዕከላት እንዲቆሙ ታቅዷል፤ አራቱ በካውንቲው አራት ቀጠናዎች፣ አንዱ ለወጣቶች። እያንዳንዱ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ በራሱ እግር የመጣንም ይቀበላል፣ እስከ 23 ሰዓት የሚያቆይ ክፍል ይኖረዋል፣ ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው እስከ 14 ቀን የሚቆይባቸው አልጋዎች፣ እንደተለመደው 16። የመጀመሪያው በሰሜን በኩል ኪርክላንድ ውስጥ በ2024 ሥራ ጀመረ። ሌቪው ከዚህ ሌላ የተዘጉትን የመኖሪያ አልጋዎች ወደ 355 የመመለስና ለሠራተኞች ደመወዝና ሥልጠና የመደጎም ግዴታ አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፈረቃ የሚገባ ነርስና ኬዝ ማናጀር ግን ከሬንተን ወይም ከዚያም ርቆ የሚመጣ፣ በተሻለ ደመወዝ ሌላ ቦታ የሚፈለግ ሰው ነው። ሌቪው የሚመዘነው በከፈተው በር ብዛት ሳይሆን ከበሩ ጀርባ ሰው ማቆየት በመቻሉ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠቅመው አሠራሩን ቀድሞ ማወቁ ነው። ልጁ ወይም ወንድሙ ሲታወክ አብዛኛው ሰው ነገሩ እስኪከፋ ይደብቃል፤ ወደ ጠበል ይወስዳል፣ ካህን ይጠራል። ጠበልና ጸሎት ከመድኃኒት ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የሚጎዳው የጠፋው ጊዜ ነው። ነገሩ ከፍቶ ራሱን ወይም ሌላውን ሰው የሚያሰጋ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ባይፈቅድም እንዲያዝ ማድረግ የሚችለው በሕግ የተሾመ የቀውስ ባለሙያ ነው፤ ቤተሰብም ፖሊስም አይወስኑም። ያ ባለሙያ የሚያስይዘው ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ እስከ 120 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ዳኛ ያስፈልጋል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2014፣ አልጋ ስለጠፋ ብቻ እንዲህ የተያዘን ሰው ያለ ተገቢ ሕክምና በድንገተኛ ክፍል ማቆየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወስኗል።

ወላጆችን የሚያስደነግጥ ሌላም ሕግ አለ። በዋሽንግተን 13 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና መጀመር ይችላል። ብዙ አባት “ልጄን ከእኔ ለዩብኝ” ይላል። በ2019 የወጣው ማሻሻያ ግን ወላጅም ልጁ ባይስማማ ሕክምና እንዲጀመርለት መጠየቅ እንደሚችል ስለደነገገ፣ በሩ ከሁለቱም ወገን ክፍት ነው።

ሌቪው በ2032 ያበቃል፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው እንደገና ለመራጩ ይቀርባል። ዜጋ የሆነ ይምረጥ። ዜጋ ያልሆነም ግብሩን ከፍሏልና፣ የካውንቲው አማካሪ ቦርዶች በሚያደርጓቸው ክፍት ስብሰባዎች ላይ መናገር ይችላል፤ አስተርጓሚ ቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ለሚያስፈልገው ደግሞ 988 ላይ መደወል በቂ ነው። መስመሩ ነጻ ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው “አምሃሪክ” ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ቢጠብቅ ከአስተርጓሚ ጋር ያገናኙታል።