በእምብርቱ ውስጥ የተሸሸገው ማርሽ

አሮጌ ብስክሌት የሚያሳድዱ ሰዎች ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ የታወቀ ነው። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ የሠራው የሚያብረቀርቅ የእሽቅድምድም ካምቢዮ፣ የፈረንሳይ ፍሬን፣ ታዋቂ ተወዳዳሪ የተቀመጠበት ዓይነት የቆዳ ኮርቻ። ዋጋው የሚንረው፣ ተወልውሎ በመስታወት ሣጥን የሚቀመጠው እሱ ነው። በዚያው ዘመን ተሠርቶ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ወደ ሥራው ያደረሰ ሌላ ዕቃ ግን በእንግሊዝም በአሜሪካም በየጋራዡ ጥግ፣ ዝገት በበላው ብስክሌት ላይ ተረስቶ ይገኛል። ስተርሚ-አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያመረተው፣ ኤደብልዩ የሚባለው ባለሦስት ማርሽ የኋላ ጎማ እምብርት ነው።

የተረሳበት ምክንያት አይደንቅም፤ ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም። ከተለመደው እምብርት ወፈር ያለ የብረት በርሜል ነው። ጎኑ ላይ ዘይት የሚጨመርበት ትንሽ ክዳን አለው። በቀኝ በኩል ደግሞ በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሰንሰለት ይታያል። በርሜሉ ላይ ከኩባንያው ስም ጋር ቁጥር ተቀርጿል፤ 57 እና 3 ተብሎ ከተጻፈ በመጋቢት 1957 ተሠራ ማለት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎማው ካልተቀየረ በስተቀር የብስክሌቱ ዕድሜ የሚታወቀው ከዚሁ ቁጥር ነው። ቀለሙ ተላጦ፣ የአምራቹ ምልክት ወድቆ፣ ኮርቻው ተቀዳዶ እንኳ እምብርቱ የተወለደበትን ወር ይናገራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ነው። ፍራንክ ቦውደን በሆንግ ኮንግ ሀብት ካፈራ በኋላ ታሞ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ሐኪሙም ብስክሌት እንዲጋልብ መከረው። ጤናው ሲመለስለት ብስክሌቱን የሠሩለትን ሰዎች አነስተኛ ወርክሾፕ ገዛ። ወርክሾፑ ራሌ በሚባል ጎዳና ላይ ስለነበር ኩባንያው በዚያው ስም ተጠራ። ቦውደን ብስክሌት ከዳገት ጋር ያለውን ችግር የሚፈታ ማርሽ ይፈልግ ነበር። በ1902 ሁለት የባለሦስት ማርሽ ፈጠራዎች አገኘ፤ አንደኛው የሄንሪ ስተርሚ፣ ሁለተኛው የጄምስ አርቸር ነበሩ። በ1903 ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው ድርጅት የሁለቱን ስም ይዞ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ስም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት በአርቸር ስም የተመዘገበው ፈጠራ በእውነት የዊሊያም ራይሊ ነበር። ራይሊ ቀደም ብሎ ባለሁለት ማርሽ እምብርት ፈጥሯል፤ ነገር ግን ለሌላ ኩባንያ በውል ታስሮ ስለነበር አዲሱን ሥራውን በራሱ ስም ማስመዝገብ አልቻለም፤ ባልደረባው አርቸር ስሙን ሰጠው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ እምብርቶች ላይ የሁለት ሰዎች ስም ተቀርጾ የዋናው ባለሙያ ስም የለም። ስሙ ቢያንስ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ መነሳት ይገባዋል።

ኤደብልዩ ራሱ ገበያ የወጣው በ1936 ነው፤ በዚያን ጊዜ ኩባንያው የ30 ዓመት ልምድ አከማችቷል። በርሜሉ ሲከፈት የሚታየው ነገር የሚያስገርም ነው። መሃል ላይ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኖ ፈጽሞ የማይዞር ባለ 20 ጥርስ ማርሽ አለ፤ መካኒኮች ፀሐይ ይሉታል። በዙሪያው፣ በአንድ ቋት ላይ ተሰክተው የሚሽከረከሩ አራት ትንንሽ ማርሾች አሉ፤ እነሱ ፕላኔቶቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም 20 ጥርስ አላቸው። ሁሉንም ከውጭ የሚያቅፍ፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ የተቀረጸ ባለ 60 ጥርስ ቀለበት አለ። እንግዲህ ሥራው ያለው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ ነው።

ፀሐይዋ አትዞርም። ስለዚህ ፕላኔቶቹን የያዘው ቋት አንድ ዙር ሲዞር ቀለበቱ አንድ ዙር ከሲሶ ይዞራል፤ በተቃራኒው ቀለበቱ አንድ ዙር ሲዞር ቋቱ የሚዞረው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ፔዳሉን ረግጠን በካቴና የምንልከው ኃይል ወደ ቋቱ ከገባና ከቀለበቱ ወደ ጎማው ከወጣ ብስክሌቱ ፈጠን ይላል፤ ሦስተኛ ማርሽ ይኸው ነው። ወደ ቀለበቱ ገብቶ ከቋቱ ከወጣ ብስክሌቱ ዝግ ይላል፣ እግር ግን ይቀለዋል፤ አንደኛ ማርሽ ነው። በቀለበቱ ገብቶ በቀለበቱ ከወጣ ደግሞ ማርሾቹ ምንም ሳያተርፉና ሳያጎድሉ ጎማው ልክ እንደ ኋላው ጥርስ ይዞራል፤ ሁለተኛ ማርሽ። ከመቶ 75፣ 100፣ 133። ኃይሉ በየትኛው በር እንዲገባና በየትኛው እንዲወጣ የምትወስነው በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት አንዲት መስቀል ቅርጽ ያላት ብረት ናት፤ ያቺ ቀጭን ሰንሰለት የምትስበው እሷን ነው። ከማኑብሪዮው ላይ ባለችው ትንሽ ማንሻ ካቮውን ስንስበው መስቀሏ ወደ አንደኛ ትሄዳለች፤ ስንለቀው ሞላው ወደ ሦስተኛ ይገፋታል። ካቮው መንገድ ላይ ቢበጠስ ብስክሌቱ አይቆምም፤ ሦስተኛ ላይ ሆኖ ቤት ያደርሳል።

ፀሐይና ፕላኔት ያለው ይህ አሠራር ለብስክሌት ብቻ የተፈጠረ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው የቆየ ቶዮታ የሚነዳ ሰው ማርሹ በተቀየረ ቁጥር የሚጠቀመው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚያዘውና የሚለቀው የዘይት ግፊት መሆኑ ነው። ኤደብልዩን አንድ ጊዜ ፈትቶ የገጠመ ወጣት የአውቶማቲክ ካምቢዮን ምሥጢር ግማሹን ያውቃል ብዬ አምናለሁ። በየሙያ ማሠልጠኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ አንድ ቢቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሥዕል ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

ድምፁንም ማንሳት አለብኝ። ኃይሉን ወደ በርሜሉ የሚያስተላልፉት በሞላ የሚነሱ የብረት ምላሶች ናቸው፤ ሁለት የቀለበቱ፣ ሁለት የቋቱ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ በርሜሉ ከቋቱ ስለሚፈጥን የቋቱ ምላሶች በጥርሶቹ ላይ እየተንሸራተቱ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። በአንደኛ ማርሽ ግን መስቀሏ የቀለበቱን ምላሶች ወደ ውስጥ ትጫናቸዋለች፤ ሥራው ለቋቱ ምላሶች ይተላለፋል፤ ድምፁም ይጠፋል። የለመደ ጋላቢ ማንሻውን ሳያይ በጆሮው ብቻ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ዕቃ ታዲያ ስለምን ክብር አጣ? አንዱ መልስ እሽቅድምድም ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንጅ ማርሽ መቀያየር የብርቱ ተወዳዳሪ ነገር አይደለም ብሎ ያምን ነበር፤ በዘመኑ ጋላቢዎቹ ዳገት ሲደርሱ ወርደው የኋላ ጎማቸውን አዙረው በሌላው ጎን ያለውን ጥርስ ይጠቀሙ ነበር። በ1937 ካምቢዮ ሲፈቀድ የተመረጠው ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘልለው፣ ከውጭ የሚታየው ዓይነት ሆነ። ቀለል ይላልና የመረጡት ሰዎች ትክክል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ዝናው፣ ፎቶግራፉ፣ የሰብሳቢውም ምኞት ወደዚያው ሄደ። የእምብርቱ ማርሽ ለፖስታ አመላላሹ፣ ለአዋላጅ ነርሷ፣ ለፋብሪካው ሠራተኛ ቀረ። ለእኔ ይህ ክብር ነው፤ ገበያው ግን እንደዚያ አይቆጥርም።

ጥንካሬው ተፈትኖ የታየበት አንድ ዓመት አለ። በ1939 ቶሚ ጎድዊን የተባለ እንግሊዛዊ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም ያልጋለበውን ርቀት ለመጋለብ ተነሳ። አብዛኛውን መንገድ የሄደው ባለአራት ማርሽ የስተርሚ-አርቸር እምብርት በተገጠመለት የራሌ ብስክሌት ነበር፤ ለኤደብልዩ የቅርብ ዘመድ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 75,065 ማይል፣ ማለትም ከ120,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጋልቧል፤ በቀን በአማካይ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር መብራት ሁሉ እንዲሸፈን ታዘዘ፤ እሱም ፋናውን ሸፍኖ በጨለማ መንገድ መጋለቡን ቀጠለ። ክብረ ወሰኑ እስከ 2016 አልተሰበረም።

ስተርሚ-አርቸር ራሱም ቢሆን ኤደብልዩን ሊተካው ሞክሮ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤስደብልዩ የሚባል አዲስ ባለሦስት ማርሽ ወጣ፤ ምላሶቹ ሞላ አልነበራቸውም። በወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን እየከዳ ፔዳሉ በባዶ ይንሸራተት ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ምርቱ ቆመና አሮጌው ኤደብልዩ ቦታውን መልሶ ያዘ።

ጥገናው ነው እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ። አራት ማርሽ፣ አንድ ቀለበት፣ አራት ምላስ፣ ጥቂት ሞላዎች፣ የኩሽኔታ ጥይቶች፤ መዶሻ፣ መምቻና ሁለት ቁልፍ ያለው ሰው ይከፍተዋል። በ1950ዎቹ የተሠራው ውስጥ የ1970ዎቹ ማርሽ በአብዛኛው ያለ ችግር ይገባል። ለዓመታት ቆሞ የደረቀ እምብርት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ አሮጌ ዘይቱ እንደ ሙጫ ጠጥሮ ምላሶቹን ስለያዛቸው ነው። በክዳኑ በኩል ነጭ ጋዝ ጨምሮ ማሽከርከር፣ ማፍሰስ፣ ከዚያ ቀጠን ያለ የሞተር ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ መስጠት፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ኩሽኔታው ካልሆነ በስተቀር ግራሶ አያስፈልገውም፤ ወፍራም ግራሶ ምላሶቹን ስለሚይዛቸው እንዲያውም ይጎዳዋል። ዳገት ለሚበዛበት ከተማ ደግሞ የኋላውን ጥርስ መቀየር ይቻላል፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ላይ ጥርሱን የሚይዘው አንድ የሽቦ ቀለበት ብቻ ነው። ባለ 18ቱን አውጥቶ ባለ 22 ማስገባት ሦስቱንም ማርሽ በ18 ከመቶ ገደማ ያቀላቸዋል። እንጦጦን ለመውጣት ይህም አይበቃም፤ በአዲስ አበባ በቅርቡ በተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ላይ ግን ሦስት ማርሽ ከበቂ በላይ ይመስለኛል። በተለይ መብራት ላይ ቆሞ፣ ፔዳሉን ሳይነኩ ወደ አንደኛ መመለስ መቻሉ ለከተማ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ካቴና የሚያዘልለው ማርሽ እስኪቀየር ድረስ መረገጥ አለበት።

እንከኑን መደበቅ አይገባም። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መካከል መስቀሏ ቀለበቱንም ቋቱንም የማትነካበት ቀጭን ክፍተት አለ። ካቮው በትክክል ካልተወጠረ እምብርቱ እዚያ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ በባዶ ይሽከረከራል። ቆሞ በሙሉ ክብደቱ የሚረግጥ ሰው በማኑብሪዮው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ኤደብልዩ ያለበት ብስክሌት የያዘ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ማወቅ ግዴታው ነው፦ ማንሻውን ሁለተኛ ላይ አድርጎ በቀኙ ዳዶ ቀዳዳ ወደ ውስጥ መመልከት። ሰንሰለቷ የተያያዘችበት ዘንግ ትከሻ ከዋናው ዘንግ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ካቮውን በማስተካከያው ማጥበቅ ወይም ማላላት ነው። ከዚያ በኋላ ቆሞ ከመርገጥ በፊት ሦስቱንም ማርሽ ተቀምጦ መሞከር ያስፈልጋል።

በኖቲንግሃም የነበረው ሥራ በ2000 አከተመ። ኩባንያው ተሽጦ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ፤ ስሙንም ማሽኖቹንም የታይዋኑ ሰንሬስ ገዛ፤ ምርቱ እዚያው ቀጠለ። በለንደን የሚሠራው ታጣፊ ብስክሌት ብሮምፕተን ዛሬም ባለሦስት ማርሽ ሞዴሎቹ ላይ የስተርሚ-አርቸርን እምብርት ይገጥማል። ታይዋኖቹ አሠራሩን ሲያሻሽሉ ያን ቀጭን ክፍተት አጠፉት፤ አዲሱ እምብርት ካቮው ቢላላም ጋላቢውን በባዶ አይተወውም። ለልጅ ወይም ካቮ ማስተካከል ለማይፈልግ ሰው ብስክሌት የምገጥም ብሆን አዲሱን እመርጣለሁ። ለራሴ ግን ቁጥሩ የሚነበብ፣ የዘይት ክዳኑ ያልጠፋ፣ ቀጭኗ ሰንሰለት ያልተበጠሰች የኖቲንግሃም ኤደብልዩ ባገኝ፣ ጎማውን በእጄ አዙሬ ጠቅ ጠቅታውን ከሰማሁ፣ ዝገቱን ሳልፈራ እገዛዋለሁ።