ለማኅበራዊ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ በሬ ይሸጣል ወይ?

አዝመራው ተሰብስቦ ውቂያው ሲያልቅ፣ ቦርሳ ያነገበ ወጣት በየገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በእጁ ከወረዳ የተጻፈለት ደብዳቤ ይዟል። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልገውን መረጃ እንድትሰጡት የሚጠይቅ ነው። ሊቀ መንበሩም ደብዳቤውን ተመልክቶ አርባና ሃምሳ አባወራ ያስጠራለታል። ወጣቱ ስንት በሬ፣ ስንት ሄክታር መሬት፣ ስንት ቤተሰብ እያለ ጠይቆና መዝግቦ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ጽሑፉ የት እንደደረሰ ተመልሶ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ያ ወጣት በአብዛኛው የማኅበራዊ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች፣ ማለትም በዛሬው የመንግሥት አጠራር የገጠር ቀበሌ መሪዎች፣ እስካሁን ይህን ትምህርት የሚያውቁት በጠያቂው በኩል ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ ወደ ራሳቸው ደጃፍ መጥቷል። የአባላቱ ልጆች በሶሲዮሎጂ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በጂኦግራፊ ተመርቀው፣ ሥራ አጥተው ዓመት ከተቀመጡ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ እንማር ይላሉ። አባትም በሬ ልሽጥለት ወይ ብሎ ምክር ሊጠይቅ ወደ ሊቀ መንበሩ ይመጣል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጥማዱ የጎደለበት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ካላረሰ መሬቱን ለእኩል ሊሰጥ ነው። በየዓመቱ የምርቱ ግማሽ ይሄዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ የሚያደርሰው የት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርስቲዎች ይሰጣል። ለመግባት ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያሻል። የሚፈጀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓመት የሚያልቀው በመስክ ጥናትና በጽሑፍ ዝግጅት ነው።

ለብዙ ዓመታት ዋነኛው መውጫ መምህርነት ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርስቲ ሌክቸረር ለመባል ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠረው ምሩቅ ረዳት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሀገሪቱ የቀሩት ዩኒቨርስቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። አዲስ ዩኒቨርስቲ በተከፈተ ቁጥር መምህር ስለሚፈለግ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሁሉ ቦታ አያጣም ነበር። ያ የመስፋፋት ጊዜ ግን አልፏል። በዚያ ላይ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የሠራው ደንብ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ያደረገ ስለነበር፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎች የሚተርፈው የመምህርነት ቦታ ጠቦ ቆይቷል።

ሁለተኛው መውጫ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ፕሮጀክት ነው። እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ራሳቸው ምስክር ናቸው። በየዓመቱ እየመጡ ማሳ የሚለኩት፣ አራት በአራት ሜትር ከልለው አጭደው የሚመዝኑት የስታቲስቲክስ ቆጣሪዎች የታወቁ ናቸው። ቆጣሪው ሁለተኛ ዲግሪ አያስፈልገውም። የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው አባወራ እንዲጠየቅ የሚወስነውና የተሰበሰበውን ቁጥር የሚተነትነው ባለሙያ ግን ያስፈልገዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ማን እንደታቀፈ፣ ማን እንደተዘለለ፣ የቤተሰቡ ጥሪት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በየጊዜው ሲጠና ቆይቷል። ጥናቱን የሚመሩት የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ሰዎች ናቸው።

መንገድና ግድብም አለ። የዓለም ባንክ ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ መመሪያው መሠረት፣ ገንዘብ የሚያበድርበት ፕሮጀክት ማንን እንደሚያፈናቅል፣ ካሣው እንዴት እንደሚከፈል፣ ቅሬታ የት እንደሚሰማ አስቀድሞ እንዲጠና ይጠይቃል። ይህን የሚሠራ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በየፕሮጀክቱ ይቀጠራል። መንገድ መሬቱን የቆረጠበት ገበሬ ያለው ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ይህ ባለሙያ ሥራውን ቢያውቅና ባያውቅ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ይረዳል።

ሦስተኛው በግብረ ሰናይ ድርጅቶች መቀጠር ነው። ደሞዙ ከመንግሥት የተሻለ በመሆኑ ወጣቱ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን እንጀራው በሰው ኪስ ያለ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታውን ሲያግድና የርዳታ ድርጅቱም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ማብቂያ ሲዘጋ፣ በኢትዮጵያ በዚያ ገንዘብ ይካሄዱ የነበሩ ብዙ ሥራዎች ቆመዋል፤ ሠራተኞችም ተሰናብተዋል። ከእነርሱም ውስጥ የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው የሁለተኛ ዲግሪ ባለቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ተመርቆ የሚወጣ ልጅ የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ እንዳልሆነ አባቱ ይወቅ።

በዚህ ውድድር ውስጥ ማን ያሸንፋል? በእኛ አስተያየት ሁለት ነገር የያዘ ነው። አንደኛው የቁጥር ችሎታ ነው። ስታታና ኤስፒኤስኤስ የሚባሉትን የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚያውቅ፣ ሠንጠረዥ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው በየትም መሥሪያ ቤት ይፈለጋል። ሁለተኛው የገበሬው ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚሄድ ዕውቀት ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ ዩኒቨርስቲ ሲገቡ የሚያፍሩበት መሆኑ ነው። መጠይቁ ስንት ሄክታር አለህ ይላል። ገበሬው የሚቆጥረው በጥማድ ነው። ጥማድ በብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ያህል ነው ቢባልም፣ እንደ አፈሩ ክብደትና እንደ በሬዎቹ ጉልበት ይለያያል። ይህን የማያውቅ ጠያቂ የሚጽፈው ቁጥር ከመነሻው የተበላሸ ነው። እንደዚሁም ከብትህ ስንት ነው ሲባል ግብር የሠጋ እንደሚያሳንስ፣ ርዳታ የጠበቀም እንዲሁ እንደሚያሳንስ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በመዝገብ ባለይዞታ ሆና ማሳውን የሚያርሰው ሌላ እንደሆነ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ ነው።

ለዚህ ምሳሌ አይታጣም። የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ስለነበረው የገጠር ረኃብ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ረኃብን የሚያመጣው የዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ገበሬው የሚኖርበት ሥርዓት ጭምር እንደሆነ አስረድተዋል። አቶ ደሳለኝ ራሕመቶ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገበሬው በረኃብ ዘመን ነፍሱን ለማትረፍ ምን ምን እንደሚያደርግ፣ ጥሪቱንም እንዴት እንደሚሸጥ አጥንተው በ1991 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አውጥተዋል። ሁለቱም የገበሬውን ውሳኔ ከቁም ነገር ቆጥረው የመረመሩ ናቸው።

ወደ በሬው እንመለስ። ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ አንድ ቀን እንኳ ካልሠራ፣ ሥራ ስላጣ ብቻ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲማር በሬ መሸጥ አይመከርም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ሥራ ፈላጊ፣ ቤቱም ባለ አንድ በሬ ሊሆን ይችላል። ይልቅ በአካባቢው ትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት በዝቅተኛ ደሞዝም ቢሆን ገብቶ መሥራት፣ ጥናት በሚካሄድበት ጊዜ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ መቀጠር ይሻላል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ችሎ ሊያስተምረው ይችላል፤ በምትኩ ለተወሰነ ዓመት የማገልገል ውል ይገባል። በማታና በሳምንት መጨረሻ እየሠሩ የሚማሩም አሉ፤ ክፍያው ግን ከኪስ ነው። ሥራ ላይ ያለ ልጅ፣ ቦታው ተጠብቆለት፣ ለጽሑፉ ማሠሪያ ጥቂት ገንዘብ ቢጎድለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ በግ ወይም ወይፈን ቢሸጥለት የሚያስቆጭ አይሆንም።

ያ ቦርሳ ያነገበ ወጣት ዘንድሮም ሲመጣ፣ ሊቀ መንበሩ ሁለት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። አንደኛ፣ በቀበሌው ሥራ አጥተው የተቀመጡ ምሩቃን ካሉ በመጠየቁ ሥራ እንዲረዱትና በዚያው እንዲለማመዱ ያገናኛቸው፤ መንገድም የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከመሄዱ በፊት የጽሑፉን ዋና ሐሳብ በአካባቢው ቋንቋ በሁለትና በሦስት ገጽ አሳጥሮ እንዲልክ ስሙን፣ ዩኒቨርስቲውንና የሚያስረክብበትን ወር ያስመዝግበው። ወረቀቱ ሲደርስ በጠቅላላ ጉባዔ ይነበብ፤ ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነም በአድራሻው ይጻፍለት።